ፊት የማይሥለው እንግሊዛዊ

ገጠመኝ የሚጽፉ ሰዎች አንድ የጋራ አመል አላቸው፤ ታሪኩ ሲያልቅ ከሁሉም የተሻሉ ሆነው የሚገኙት እነሱ ናቸው። በዚህ አመል ስሣለቅ ዓመታት ኖሬያለሁ። ተራዬ ደርሶ ብዕር ሳነሳ ግን ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። ይህን መግቢያ አራት ጊዜ ጻፍኩት፤ አራቱንም ጊዜ ራሴን ጥሩ ሰው ሆኜ አገኘሁት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፦ ይህ በእኔ እጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ የጠፉበት ቀን ታሪክ ነው። እንዲጠፉ ያደረግኩትም እኔ ነኝ።

ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለእኔና ለመጻሕፍቴ በአንድነት በማትበቃ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ለአማርኛ መጽሔቶች መጣጥፍ እጽፋለሁ። በመጣጥፍ የሚተዳደር ሰው ካወቃችሁ አስተዋውቁኝ፤ እኔ የምተዳደረው በሆም ኬር ነው። በሳምንት አምስት ቀን ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ እሄድና ሚስተር ሃስኪን የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት እንግሊዛዊ እንከባከባለሁ። ልጃቸው ጄን ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ ለሥራ ስትወጣ እኔ እገባለሁ። ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ያን ቀን የቆጠርኩት በእሱ ነበርና።

ሚስተር ሃስኪን ሠዓሊ ናቸው። የተወለዱት በምሥራቅ እንግሊዝ አንዲት መንደር ነው። አባታቸው ለፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ልጁ ብረቱ እስኪግል ድረስ በከሰል ግድግዳው ላይ የፈረስ እግር ይሥል ነበር። ከፍ ሲሉ የመጠጥ ቤት ሰሌዳ ከሚቀባ ሰው ዘንድ ተቀጠሩ። ከዚያ ወዲያ ስድሳ ዓመት ሙሉ ደጅ ቆመው፣ ዝናብ እየመታቸው፣ ጭቃ፣ ሰማይ፣ የሚያርሱ ፈረሶች፣ ድርቆሽ የሚከምሩና ድንች የሚለቅሙ ሰዎች ሣሉ። በሠርጋቸው ቀን አንድ ደመና ሳያመልጠኝ ልጨርሰው ሲሉ ቤተ ክርስቲያን አርፍደው ደረሱ። ሙሽራዋ ይቅር ያሉኝ ደመናውን ካዩ በኋላ ነው ይላሉ። እኚያ ሴት ሲሞቱ ጄን አሜሪካ አመጣቻቸው። «እዚህ አገር ሣር እንጂ መስክ የለም» ብለው ፎቅ ላይ ባለች ክፍላቸው ተቀምጠው፣ የጥንቱን መስክ በትዝታ መሣል ቀጠሉ።

ቤቱን የሚጎበኝ ሁሉ ሥዕሎቹን ሲያይ ይቃትታል። ሁሉም የሚወደውን ነገር አለመውደድ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በሥዕሎቹ ውስጥ ፊት ያለው ሰው የለም። ድንች የሚለቅሙት ሴቶች ጎንበስ ብለዋል። አራሹ ጀርባውን ሰጥቷል። ጋሪ ላይ ያለው ሰውዬ ባርኔጣው አፍንጫው ድረስ ወርዷል። ቤቱን ሁሉ ዞሬ አየሁ፤ አንድም ፊት የለም። መጣጥፍ አገኘሁ ማለት ነው።

ረቡዕ ዕለት ሻያቸውን እየጠጡ፣ «ስለ እኔ ነው የምትጽፈው?» አሉኝ።

«ስለ ሥዕሎችዎ ነው።»

«የጉንዳን ሰልፍ የመሰለ ፊደልህን ማንበብ አልችልም። ንገረኝ እስቲ።»

ነገርኳቸው። ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎምኩ፣ ሳልቀንስ አነበብኩላቸው፦ «ሀብታም እራቱን እየበላ ግድግዳው ላይ የሚያየው ድሀ፣ መልሶ የማያየው ድሀ መሆን አለበት። ሃስኪን ዕድሜ ልኩን ያቀረበው ይህን ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ይህን ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አልላቸውም ነበር። «አንቱ» ብዬ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እዚያ ድረስ መውሰድ አፌ አይችልም። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ ለአባቴ እኩያ የማይባለውን እንድል አደፋፈረኝ። አሁን ስጽፈው አንቱታውን መልሼ አስገብቻለሁ፤ ያን ዕለት ግን አልነበረም።

ሚስተር ሃስኪን ጽዋቸውን አስቀመጡ። «እንደዚያ ነው እንዴ?» አሉና ወደ ፎቅ ወጡ። አልተቆጡም። ትክክለኛ ትችት ያገኘ ሰው ዝም ይላል ብዬ ደስ አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጄን ቁልፏን እየፈለገች፣ «አባቴ ትናንት እራት አልበላም። ቁርሱን አደራህን» ብላኝ ሄደች።

አደራው ቀላል አልነበረም። ሚስተር ሃስኪን ስኳር አለባቸው። ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ኢንሱሊናቸውን ራሳቸው ወጉ። መርፌው ከገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምግብ ከፊታቸው መቅረብ አለበት፤ ካልቀረበ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ራስን መሳት ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሥልጠናው ላይ በዝግታ ነው የነገሩን። ሥራዬ ሲጠቃለል ይህች ናት፤ መርፌና ገንፎ ማገናኘት።

የአጃ ገንፎውን ጣድኩ። እስኪፈላ ብዬ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ መጣጥፌን ዘረጋሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ያነክስ ነበር። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ አንዱን ግሥ አወጣሁ፣ ሌላውን አገባሁ። ውጭ የወደቀ ቅጠል የሚነፋው ማሽን ይጮኻል። ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ብሎ ሲቆምልኝ ቀና አልኩ፤ ስምንት ከሩብ ሆኗል። ገንፎው ግድግዳ የሚመረግበት ጭቃ መስሏል።

«ሚስተር ሃስኪን?»

ወደ ፎቅ ወጣሁ፤ የሉም። መታጠቢያ ቤት የሉም። ወርጄ ሳይ የፊት በሩ ገርበብ ብሏል። ስልካቸው መደርደሪያው ላይ ነው። ግራጫ ኮታቸውና የእርሳስ ሳጥናቸው ግን የለም።

መርፌው ከገባ አርባ ደቂቃ። ከትናንት ምሳ ወዲህ ምንም አልበሉም።

ሮጬ ወጣሁ። ሠዓሊ የት ይሄዳል? ውሃ ወዳለበት ብዬ አሰብኩ። ወንዙ ዳር ደረስኩ፤ ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች፣ የታሰሩ ጀልባዎች፣ ሌላ ምንም። ውሃውን ባየሁ ቁጥር ትናንት ያነበብኩላቸው መስመር ይመጣብኛል። ሰው በመጣጥፍ ይሞታል? አይሞትም እያልኩ ራሴን ተከራከርኩ። ከራሴ ጋር ተከራክሬ ስሸነፍ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ዘጠኝ ሊል ነው። ለጄን መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። አሁን ይገኛሉ፣ ለምን በከንቱ አስደነግጣታለሁ አልኩ። ሐሰት ነው፤ የፈራሁት ለራሴ ነው። 911 ደወልኩ።

ፖሊሱ ቶሎ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ትንሽ ደብተር ይዟል።

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው?»

«ሰባት ከአርባ ገደማ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ኩሽና። ቁርስ እየሠራሁ።»

ገንፎውን አየው። ከጎኑ ያሉትን ወረቀቶችም አየ።

«ጠዋት መንገዱ ላይ ሰው ነበር? ያየ ሊኖር ይችላል።»

አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ በደንብ አሰብኩ።

«ማንም አልነበረም» አልኩት። እሱም ጻፈው።

እሱ እንደወጣ ለጄን ደወልኩ። አባቷ መጥፋታቸውን ነገርኳት።

«በልቷል?»

«አልበሉም።»

«መርፌውንስ?»

«ወግተዋል።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

ለሁለተኛ ጊዜ «ኩሽና» አልኩ። እየመጣሁ ነው ብላ ዘጋች።

አሥር ተኩል ላይ ለደመረ ደወልኩ። ደመረ የሚኖርበትን የስካይላይን ሰፈር ጨምሮ ግማሹን የቨርጂኒያ ሐበሻ የሚያውቅ የታክሲ ሾፌር ጓደኛዬ ነው፤ የሾፌሮቹንም የስልክ ግሩፕ የሚመራው እሱ ነው። ኤርፖርት ተራ ይጠብቃል፤ ከኋላው አውሮፕላን ይጮኻል።

«ሰማንያ አራት ዓመት፣ ግራጫ ኮት፣ እሺ። ምንድነው ሥራው? ሰው በሥራው ነው የሚታወቀው።»

«ላንድስኬፕ ይሥላል!»

«እሺ፣ እሺ። አሁን እለቀዋለሁ። አይዞህ አንተ ሰውዬ፣ ድምፅህ ጠፍቷል።»

ከሁለት ደቂቃ በኋላ መልእክቱ ስልኬ ላይ መጣ። «የጠፋ ሰው። እንግሊዛዊ ሽማግሌ፣ 84፣ ግራጫ ኮት፣ ስኳር አለበት። ላንድስኬፕ ይሠራል።»

ይሠራል። እዚህ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ እንደሚያውቀው ላንድስኬፕ የሚሠራ ማለት የሰው ግቢ ሣር የሚያጭድ፣ ቅጠል የሚነፋ፣ አጥር የሚከረክም ማለት ነው። መልሱ ጎረፈ። «በሰማንያ አራት ዓመቱ ሣር የሚያሳጭዱት ልጆቹ ናቸው? የኛ አገር ልጆች መሆን አለባቸው» አለ አንዱ። ሌላው፣ «እኛስ ጡረታ የምንወጣው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለደመረ መልሼ ደወልኩ።

«ይሠራል አይደለም ያልኩህ፣ ይሥላል! ሠዓሊ ናቸው፣ ሠዓሊ! የመልክዓ ምድር ሠዓሊ!»

«አሁን ሰዋሰው ልታርም ነው የደወልከው?» አለኝ። «ሰው ሞቶ አስከሬኑ ላይ የፊደል ግድፈት ነው የምታርመው አንተ። በል ፈልግ፣ እኔም እየወጣሁ ነው።»

ዘጋብኝ። አባባሉ አመመኝ።

ጄን ደረሰች። መኪና ውስጥ ግባ ብላ በእጇ ጠቆመችኝ። እሷ ትነዳለች፣ እኔ መስኮት አያለሁ። እኔ እንደ ዐዋቂ አቅጣጫ እሰጣለሁ፦ ዛፍ የበዛበት መናፈሻ፣ ጥንት እርሻ የነበረ ሜዳ፣ ሰማዩ ገለጥ ያለ ኮረብታ። የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ሊቆምበት የሚችል ቦታ ሁሉ ሄድን። ግራጫ ኮት ባየን ቁጥር ፍሬን ትይዛለች፤ ሰውየው ሲዞር ሌላ ሰው ይሆናል። አሥራ አንድ አለፈ። ሆስፒታሎቹ የለም አሉ። ጄን መሪውን እንደጨበጠች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ትናንት ምን ሆኖ ነው ያልበላው?» አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ስልኬ ጮኸ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ይላል፤ የማላውቀው ቁጥር።

«ወንድሜ፣ የላንድስኬፑን ሰውዬ የምትፈልገው አንተ ነህ?» የሴት ድምፅ ነው፤ ጎርነን ያለ። «እታለማሁ እባላለሁ፣ የደመረ ግሩፕ ነኝ።»

«አዎ እኔ ነኝ። ግን ላንድስኬፕ አይሠሩም፣ ስሕተት ነው...»

«አይሠራም እንዴ? ታዲያ ከሠራተኞቹ ጋር መኪና ላይ ምን ያስቀምጠዋል?»

«በሕይወት አሉ?»

«ምን ማለትህ ነው? ባቄላ እየበላ ነው።»

ጄን አማርኛ አትችልም። ፊቴን አይታ ግን መኪናውን ዳር አስያዘችና ግንባሯን መሪው ላይ አስደገፈች።

የነገረችኝ ቦታ ሴቨን ኮርነርስ፣ ሱቆቹ ፊት ያለው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነው። የቀን ሥራ የሚጠብቁ ሰዎች ጠዋት የሚቆሙት፣ የጨረሱትም ምሳ የሚበሉት እዚያ ነው። እታለማሁ ታክሲዋን ተደግፋ ቆማለች፤ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ቆፍጠን ያለች ሴት።

«እንዴት አገኙዋቸው?» አልኳት።

«እንዴት ነው ደግሞ? ላንድስኬፕ የሚሠራ ሰው ሲጠፋ ላንድስኬፕ የሚሠሩት ጋ ይፈለጋል። ሌላ የት ሊፈለግ ኖሯል?» አለችኝ፤ የምታዝንልኝ ትመስላለች። እኔ የት የት እንደፈለግኩ አልነገርኳትም።

ሚስተር ሃስኪን ሣር ማጨጃ በተጫነበት መኪና ጭራ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ሳህን፣ በአጠገባቸው የለስላሳ ጠርሙስ አለ። ሦስት ሰዎች ከበዋቸዋል። ጄን ሮጣ አቀፈቻቸው። «ሳህኑን ትደፊዋለሽ» አሏት።

ከሦስቱ ትልቁ እንግሊዝኛ ይሞክራል። ጠዋት ሚስተር ሃስኪን ቤት ፊት ለፊት ቅጠል ሲነፉ እንደነበር ነገረኝ። ሽማግሌው እርሳስ ይዘው ወጡና ልሣላችሁ አሏቸው። ሠራተኞቹ ሥራቸው አልቆ ሊሄዱ ሲሉ ሽማግሌው የመኪናውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ። የሰፈሩ ነዋሪ ናቸው፤ ውረዱ ማለት ፈሩ። የሚቀጥለው መንገድ ላይ የሽማግሌው እጅ ሲንቀጠቀጥ ትልቁ ሰው አየ።

«እናቴ ስኳር አለባት» አለኝ። «አውቀዋለሁ። ለስላሳዬን ሰጠሁት። የእኔንም ዳቦ በላ።»

«ለምን አልመለሳችሁትም?» አለች ጄን፤ ቁጣ አልነበረባትም።

«መለስነው። በሩን ብናንኳኳ ማንም የለም፤ ብቻውን መተው አልሆነልንም።» ወንዙ ዳር ነበርኩ። «እንደገና ስንመጣ...» ጓደኞቹን አየ። «እንደገና ስንመጣ በሩ ላይ ፖሊስ ነበር። የመኖሪያ ወረቀት የለንም፤ አለፍን። ሥራ ጨርሰን፣ ምሳ በልተን፣ ያኔ ፖሊሱ ሲሄድ እናደርሰዋለን አልን።»

ፖሊሱን የጠራሁት እኔ ነኝ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም ብዬ ቃሌን የሰጠሁትም እኔ ነኝ፤ ማሽናቸው ጆሮዬ ሥር ሲጮኽ ቆይቶ። ሦስት ሰዎች። ፊታቸው ለሌለ ድሆች ጥብቅና የሚቆም መጣጥፍ እየጻፍኩ ነበር፤ አስቡት።

ሚስተር ሃስኪን አጠገብ ተቀመጥኩ። «ለምን ሳይነግሩኝ ወጡ?»

«ጠራሁህ እኮ። ከኩሽናው በር ላይ ሆኜ ሁለት ጊዜ።»

«ማሽኑ እየጮኸ አልሰማሁዎትም ይሆናል።»

«ማሽኑ ያን ጊዜ ቆሞ ነበር» አሉኝ በደግነት።

ከሳህኑ ሥር አንድ የምግብ ከረጢት ወረቀት አወጡ። ጠፍጣፋ አድርገው እርሳስ አሳርፈውበታል። ትልቁን ሰው ሊሥሉት ሞክረዋል። አንዱ ዐይን ከሌላው በላይ ተሰቅሏል፣ አፍንጫው ለብቻው የቆመ ነገር ይመስላል። በሕይወቴ ካየኋቸው ሥዕሎች ሁሉ አስቀያሚው ነው።

«ድንች ነው የሚመስለው» አለ የተሣለው ሰውዬ። ጓደኞቹ ሳቁ።

«ያልከው ልክ መስሎኝ ነበር» አሉኝ ሚስተር ሃስኪን። «ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ለካ እንደዚያ ሆኖ ነው ብዬ። ግን አይደለም። እኔ ፊት አልችልም። ችዬም አላውቅም። ልጅ ሆኜ የእናቴን ፊት ሣልኩና አየችው፤ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሰውን ሁሉ አዞርኩት።»

ስድሳ ዓመት። ስለ መደብ፣ ስለ ሀብታም እራት ቤት፣ ስለ ተሰወረ ኅሊና ስንት ገጽ ጽፌያለሁ። ሰውየው ፊት አይችሉም፤ አለቀ።

ጄን አላባረረችኝም። አባቷ ለምነውልኝ ነው። ማታ ስለ መጣጥፉ ነገርኳት፤ «ገንፎው ሲያርር ስትጽፍ የነበረውን ነው?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

መጣጥፉን አላሳተምኩትም። እናንተ ግን ዝም ብላችሁ ታነባላችሁና ለእናንተ የምለው አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሁሉ ደግ ነው ወደሚል እምነት አልተመለስኩም፤ እንደዚያ የሚሉትን አሁንም አልወዳቸውም። የተለወጠው ሌላ ነው። አንድ ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ያማረ ማብራሪያ ሳገኝ፣ ያማረ መሆኑ ያስፈራኛል። ብዕሬን አስቀምጬ ሰውየውን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አጭርና አሳፋሪ ነው፤ መጣጥፍ አይወጣውም። ደግሞም ሰው ሲጠራኝ እዞራለሁ። ይህን ለመማር ሃምሳ ሁለት ዓመት መፍጀቱ የሚያስኮራ አይደለም።

እነዚያ ሦስት ሰዎች ስማቸውን ነግረውኛል፤ መልካቸውንም ዛሬ ድረስ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። እዚህ ግን አልጻፍኩትም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ መዝገቡን ሊዘጋ ደወለልኝ።

«ደስ ይላል» አለኝ። «ማነው ያገኘው?»

«አንዲት የታክሲ ሾፌር።»

«እስከዚያ ድረስ ከማን ጋር ነበር?»

ደብተሩን ከፍቶ እንደሚጠብቅ ይሰማኛል። ጠዋት የሰጠሁትን ቃል ማረም እችል ነበር፤ ለማረም ያለኝን ፍቅር ደመረ ይንገራችሁ።

«ከማንም ጋር አልነበሩም» አልኩት። «ማንም አልነበረም።»

ጠዋት እንዲያ ያልኩት ስላላየኋቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ያልኩት ስላየኋቸው ነው።